ሥጋን መጎሰም፦ እምነት በቦክሰኞች ሕይወት

ክቡራትና ክቡራን፣ ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ግስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በዘጠነኛው ምዕራፍ ስለ ራሱ ሲናገር፣ ነፋስን እንደሚጎስም ሰው እንደማይጋደል ይገልጽና «ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ» ይላል። በአማርኛችን መጎሰም በቡጢ መምታት ነው። ተርጓሚዎቹ ቃሉን የመረጡት በማስተዋል ነው፤ በግሪክኛው ጽሑፍ ላይ ያለው ግስ ቃል በቃል ሲፈታ ከዓይን ሥር መምታት፣ ፊትን ማበለዝ ማለት ነውና። ቆሮንቶስ በአቅራቢያዋ በየሁለት ዓመቱ የኢስትምያ ውድድር ይካሄድ የነበረባት ከተማ ስለነበረች፣ መልእክቱን የሰሙት ሰዎች እጃቸውን በቆዳ ጠፍር ጠቅልለው የሚማቱ ተጋጣሚዎችን በዓይናቸው ሳያዩ አልቀሩም። ሐዋርያው ምሳሌውን ከእነርሱ ወሰደና አንድ ነገር ለወጠበት፤ የሚመታው የገዛ ሥጋው ሆነ።

ስለ ቦክሰኞችና ስለ እምነታቸው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ሁለቱም ጸልየው ወደ ሪንግ ሲወጡ ፈጣሪ ለማን ይፈርዳል ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ስህተት ባይሆንም ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። የበርካታ ቦክሰኞችን የሕይወት ታሪክ ስከታተል የተረዳሁት፣ እምነት ከባዱን ሥራውን የሚሠራው የሻምፒዮንነት ቀበቶ በሚታጠቅበት ሌሊት ሳይሆን ዋጋ በሚያስከፍልበት ቀን፣ ከሽንፈት በኋላ፣ ወይም ሰውየው በገዛ እጁ ያደረሰውን ጉዳት ብቻውን ተቀምጦ በሚያስብበት ጊዜ መሆኑን ነው። ዛሬ ይህንኑ በጥቂት ሰዎች ሕይወት ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን የቦክሰኛው ኑሮ ራሱ ምን እንደሚመስል እናስብ። አንድ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው፤ በዙሮች መካከል ያለው ዕረፍት አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ አሰልጣኙ ውኃ ያጎነጨዋል፣ የተሰነጠቀ ቅንድቡን ይጠርግለታል፣ በጆሮው ይመክረዋል፤ ደወሉ ሲመታ ወንበሩን ይዞ ይወርዳል፤ ሰውየው ብቻውን ይቀራል። ኳስ የሚቀበለው ጓደኛ የለውም፤ ሲደክመው ተተክቶለት የሚገባ ሰው አይኖርም። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ደግሞ ከቤትና ከትዳር ተለይቶ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ እየሮጠ፣ ከሚዛኑ ክብደት ለመድረስ ምግቡንና ውኃውን እየቀነሰ የሚያሳልፋቸው ናቸው። እኛ እንዲህ ያለውን ኑሮ ስናይ ሱባኤ የሚለው ቃል ቶሎ ይመጣልናል። ከእናቱ ጾምን፣ ከአባቱ ጸሎትን ተምሮ ያደገ ወጣት በማሠልጠኛ ሰፈር ውስጥ የሚጠብቀው ሥርዓት ባዕድ አይሆንበትም፤ ርኃቡና ብቸኝነቱ ቀድሞ የሚያውቀው ትርጉም አላቸው። በዚህ ስፖርት ውስጥ ሃይማኖተኛ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ እዚያ ላይ የሚወጣ ሰው ላይመለስ እንደሚችል ያውቃል።

ጸሎትን ከውጤት ጋር ብቻ ማያያዝ የት እንደሚያደርስ የማኒ ፓኪያኦ ታሪክ ያሳያል። በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፊሊፒናዊ ካቶሊክ ሆኖ አድጎ ኋላ ወደ ወንጌላውያን እምነት ገባ፤ ቁማሩንና መጠጡንም ተወ። በታኅሣሥ 2012 በስድስተኛው ዙር በሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ አንድ ቀኝ ቡጢ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ሲወድቅ፣ በካቶሊክነታቸው የጸኑት እናቱ የሽንፈቱን ምክንያት ሃይማኖቱን በመለወጡ ላይ አሳበቡ። የእናት ልብ ነውና አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ከሄድን ማርኬዝ ቡጢውን በሰነዘረባት ቅጽበት የሁለት አብያተ ክርስቲያናት ክርክር ተፈርዷል ማለት ይሆንብናል። ፓኪያኦ ራሱ ሒሳቡን አልተቀበለም፤ ከዚያ በኋላም በማዕዘኑ መንበርከኩን ቀጠለ።

አሁን ወደ ሙሐመድ ዓሊ ልምጣ፤ ከእርሱም ጋር ጥቂት እቆያለሁ። ካሲየስ ክሌይ ተብሎ በሉዊስቪል ኬንታኪ በ1942 ሲወለድ እናቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበሩ። በየካቲት 1964 በማያሚ ቢች ከሶኒ ሊስተን ጋር ለመጋጠም ሲዘጋጅ፣ ኔሽን ኦፍ ኢስላም ከተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞች ድርጅት ጋር መቀራረቡና የድርጅቱ ስመ ጥር ሰባኪ የነበረው ማልኮም ኤክስ በከተማው መገኘቱ በመታወቁ አዘጋጁ ግጥሚያውን እስከ መሰረዝ ደርሶ ነበር። ስለዚህ እምነቱ ዋጋ ሊያስከፍለው የጀመረው ገና ሻምፒዮን ሳይሆን ነው። ሊስተንን አሸነፈ፤ በማግስቱም እምነቱን በግልጽ ተናገረ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ላይ የድርጅቱ መሪ ኤላይጃ ሙሐመድ ሙሐመድ ዓሊ የሚለውን ስም ሰጡት።

ስም በእኛም ባህል ቀላል ነገር አይደለም፤ ክርስትና ስንነሣ ሌላ ስም እንቀበላለን፤ የሚመነኩስም ሰው የቀድሞ ስሙን ይተዋል። ለዓሊ የቀድሞው ስም የባሪያ አሳዳሪዎች ቅሪት፣ አዲሱ ግን የተጠራበት ነበር። ይህን ስም ያስከበረበት መንገድ ግን ሁልጊዜ የሚያኮራ አልነበረም። ወደ ካቶሊክ እምነት የገባው ፍሎይድ ፓተርሰን በአዲሱ ስሙ ሊጠራው ባለመፈለጉ፣ በኅዳር 1965 ላስ ቬጋስ ውስጥ ጀርባው የታመመበትን ይህን ሰው እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ድረስ እያስረዘመ ቀጠቀጠው። በየካቲት 1967 ደግሞ ኤርኒ ቴረልን አሥራ አምስት ዙር ሙሉ እየመታ «ስሜ ማን ነው?» እያለ ይጮኽበት ነበር። እነዚህን ሁለት ግጥሚያዎች ያየ ሰው፣ ሃይማኖታዊ ቅንዓት ጓንት ሲያጠልቅ ወደ ጭካኔ ሊለወጥ እንደሚችል መካድ አይችልም። ዓሊን እጅግ አከብረዋለሁ፤ ቢሆንም ይህን ገጽ ዘልዬ ባልፍ ስለ እምነቱ የምናገረው ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል።

ከቴረል ግጥሚያ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1967፣ በሂዩስተን ለቬትናም ጦርነት ለመመልመል ቀረበ። ስሙ ሲጠራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመድ ይጠበቅበት ነበር፤ ደጋግመው ጠሩት፣ እርሱ ግን በእምነቱ ምክንያት ከቆመበት አልተነቃነቀም። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። የቦክስ ፈቃዱን በዚያው ቀን አገዱበት፤ ቀበቶውን ገፈፉት፤ በሰኔ ወር ፍርድ ቤት የአምስት ዓመት እስራትና የ10,000 ዶላር መቀጮ ፈረደበት። ይግባኝ በማለቱ እስር ቤት ባይገባም ፓስፖርቱን ስለተነጠቀ ውጭ አገር ሄዶ መጋጠምም አልቻለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በ8 ለ 0 ድምፅ የሻረው በሰኔ 1971 ነው። በ1970 መገባደጃ በአትላንታ ወደ ሪንግ እስኪመለስ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል አልፎት ነበር፤ የቦክሰኛ እግር ከሁሉ ይበልጥ ፈጣን የሚሆንባቸው ዓመታት ማለት ነው። እነዚያን ዓመታት ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

በዚህ መካከል ብዙዎች የማያስታውሱት አንድ ነገር ሆነ። ዓሊ በ1969 ገንዘብ ስለቸገረው ወደ ቦክስ መመለስ እንደሚፈልግ ሲናገር፣ ስፖርቱን የሚነቅፉት ኤላይጃ ሙሐመድ ከድርጅቱ አገዱት፤ ሙሐመድ ዓሊ ተብሎ እንዳይጠራም አደረጉ። መንግሥት ያልተቀበለውን ስም የሰጡት መምህሩ መልሰው ወሰዱበት ማለት ነው። ዓሊ ግን ከስሙም ከእምነቱም አልተለየም። አንድ ሰው ከሚከተለው መሪ በላይ በሚያምነው ነገር መጽናቱ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ብዬ አስባለሁ፤ በሂዩስተን ካሳየው ድፍረት ይልቅ ይህ ሳይበልጥብኝ አይቀርም።

ኤላይጃ ሙሐመድ በ1975 ሲሞቱ የተተኳቸው ልጃቸው ዋሪስ ዲን ሙሐመድ ተከታዮቻቸውን ወደ ሱኒ እስልምና መሯቸው፤ ነጭ ሁሉ ሰይጣን ነው የሚለውንም ትምህርት አስቀሩ። ዓሊም አብሮ ተሻገረ። የሚገርመው፣ አዲሱ መሪ ለጥቁር አሜሪካውያን መጠሪያ ፍለጋ የሄዱት እኛ ዘንድ ነው። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱና የመጀመሪያው ሙአዚን በሆነው በሐበሻው ቢላል ስም «ቢላሊያን» ብለው ጠሯቸው፤ የድርጅቱም ጋዜጣ ስሙ በዚያው ተለወጠ። በባርነት ሳለ ትኩስ አሸዋ ላይ አስተኝተው ደረቱን በድንጋይ ሲጫኑት «አሐድ፣ አሐድ» እያለ የጸናው ሰው፣ ከአሥራ ሦስት ምዕተ ዓመታት በኋላ በቺካጎና በሉዊስቪል መጽናኛ ሆነ። ዓሊ በኋለኞቹ ዓመታት ከተጸጸተባቸው ነገሮች ዋነኛው በ1964 አክራ ውስጥ ሲገናኙ፣ ከድርጅቱ ተለይቶ ለነበረው ለማልኮም ኤክስ ጀርባውን መስጠቱ ነበር፤ ማልኮም በዓመቱ ስለተገደለ ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም። በ1984 የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ስለ እስልምና የሚያስረዱ ትናንሽ ጽሑፎችን በሚንቀጠቀጥ እጁ እየፈረመ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያድል ነበር። በ1990 ኢራቅ ድረስ ሄዶ 15 አሜሪካውያን ታጋቾችን ይዞ ሲመለስም በሽታው ንግግሩን ይይዘው ጀምሮ ነበር።

የጆርጅ ፎርማን መንገድ ሌላ ነው። በ1973 ኪንግስተን ውስጥ ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ የጣለው ፎርማን፣ ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ያን ጊዜ የሚዋጋው በቁጣ ነበር። በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ላይ በስምንተኛው ዙር በዓሊ ሲዘረር ቁጣው ወደ ምሬት ተለወጠ፤ አዘጋጆቹን፣ ዳኛውን፣ የሪንጉን ገመድ ሁሉ ወቀሰ። በመጋቢት 1977 በሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ከፍተኛ ሙቀት ባለበት አዳራሽ በጂሚ ያንግ በነጥብ ተሸነፈ። ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሲገባ የሆነውን እስከ ዕለተ ሞቱ ሲመሰክር ኖሯል፦ ሞት እንደወሰደው፣ ታች በሌለው ጨለማ ውስጥ እንደተንጠለጠለ፣ ከዚያም በግንባሩና በእጆቹ ላይ ደም እንደታየው። ሙቀቱና የውኃ ጥማቱ ያመጡበት መሳት ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ልፈርድ አልተነሣሁም። የምመለከተው ፍሬውን ነው፤ በ28 ዓመቱ በጉልበቱ ሙላት ሳለ ሚሊዮኖቹን ትቶ ቡጢውን አቆመ፤ በሂዩስተን ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ቆሞ ሰበከ፣ በቀጣዩ ዓመት ተሾመ፣ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተከለ፤ ለአሥር ዓመት ጓንት አላጠለቀም።

የተመለሰውም በእምነቱ ምክንያት ነው። ለድሃ ወጣቶች የከፈተው ማዕከል ገንዘብ ሲያጥረው፣ በየመድረኩ እጁን ዘርግቶ መለመን አሳፈረውና በ1987፣ በ38 ዓመቱ፣ በሚያውቀው ሙያ ሠርቶ ሊያገኝ ወሰነ። ሰባኪ ሆኖ ሰውን መምታት እንዴት ይችላል ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፣ አሁን ያለ ጥላቻ መዋጋትን ተምሬአለሁ የሚል ነበር። መልሱ ሁሉን ላያሳምን ይችላል፤ በሪንግ ላይ ያየነው ሰው ግን በእርግጥ ሌላ ሰው ነበር፤ የተንገዳገደን ተጋጣሚ ከመጨረስ ይልቅ ዳኛው ጣልቃ እንዲገባ ዘወር ብሎ ሲያይ ታይቷል። ኅዳር 5 ቀን 1994፣ በ45 ዓመቱ፣ በኪንሻሳ የለበሰውን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ለብሶ፣ ሽንፈት የማያውቀውን የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። በማዕዘኑ ቆሞ ይመክረው የነበረው በ1974 የዓሊ አሰልጣኝ የነበረው አንጀሎ ዳንዲ ነው። ዳኛው ቆጥሮ ሲጨርስ ፎርማን አልዘለለም፣ እጁንም አላነሣም፤ ወደ ማዕዘኑ ዞሮ ተንበረከከ።

ሙረር ቀበቶውን ያገኘው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ ነበር፤ ይህ ሆሊፊልድም ለጉዳያችን ከባድ ምሳሌ ነው። ሆሊፊልድ ከፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ አራት ቁጥር 13ን፣ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ጥቅስ፣ በልብሱ ላይ አስጽፎ ይወጣ ነበር። ከሙረር ግጥሚያ በኋላ ሐኪሞች የልብ ሕመም እንዳለበት ነግረውት ቦክስ አቆመ፤ ከዚያ በአንድ የፈውስ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ መዳኑን አመነ። ኋላም በማዮ ክሊኒክ ተመርምሮ ልቡ ጤናማ ነው ተባለ፤ የመጀመሪያው ምርመራ ስህተት ነበር ያሉም አሉ። በኅዳር 1996 ብዙዎች ይሞታል ብለው ሲሰጉለት ማይክ ታይሰንን በአሥራ አንደኛው ዙር አሸነፈ፤ በሰኔ 1997 ታይሰን ጆሮውን ሲነክሰው ደግሞ ይቅር እንዳለው ተናገረ። ይህን ይቅርታ ከቀበቶዎቹ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ።

ነገር ግን ያ ጥቅስ በቦክሰኞች ቁምጣ ላይ ሲጻፍ ቀዳሚው ቁጥር አብሮ አይጻፍም። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የጻፈው ቃል የሚጀምረው መዋረድንም መብዛትንም፣ መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ብሎ ነው፤ እችላለሁ ያለው ማጣትንም ጭምር መቻልን ነው። ሆሊፊልድ ሁሉን እችላለሁ የሚለውን ዳግመኛ ሻምፒዮን እሆናለሁ ብሎ ተረጐመው። በ2004 የኒው ዮርክ ስፖርት ኮሚሽን ለጤናው ሰግቶ ቢያግደውም፣ በ2011 እስከ 48 ዓመቱ ድረስ መጋጠሙን አላቆመም። እምነቱ በታይሰን ፊት ያቆመው ያህል፣ የሚያቆምበትን ቀን አላሳየውም። እዚህ ላይ በዙሪያው የነበሩ የሃይማኖት ሰዎች ዝምታ ያሳዝነኛል፤ ድል ሲመጣ ሃሌ ሉያ የሚል ሰው፣ ወንድሙ ሲያረጅ «ይብቃህ» የማለት ግዴታም አለበት።

በቤላሩስ ተወልዶ በእስራኤል ያደገው ዩሪ ፎርማን በብሩክሊን ሆኖ ቦክስን ከረቢነት (ከአይሁድ ሃይማኖት መምህርነት) ትምህርት ጋር አጣምሮ በ2009 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሰኔ 2010 ሚጌል ኮቶን ሊገጥም የተያዘለት ቀን ቅዳሜ ስለነበረ፣ ሰንበት እስኪወጣ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቆ ነው ወደ ያንኪ ስታዲየም የሄደው። ትላልቅ ግጥሚያዎች የሚካሄዱት ቅዳሜ ማታ ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሰባተኛው ዙር የእግሩ ጉልበት ከዳው፤ አሰልጣኙ ግጥሚያውን ለማስቆም ፎጣ ቢወረውሩም በዳኛው ውሳኔ ግጥሚያው ቀጠለና በዘጠነኛው ቆመ። ቀበቶውን አጣ፤ በ2014 ረቢ ሆኖ ተሾመ።

እስካሁን የተናገርሁት ሃይማኖት ቦክሰኛውን እንዴት እንደሚይዘው ነው። ሃይማኖቶቹ ግን ስፖርቱን እንዴት ያዩታል? እዚህ ላይ አማኙ ቦክሰኛ ብቻውን ይቆማል። በሐዲስ ሲዋጉ ፊትን ከመምታት መራቅ ታዝዟል፤ በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጉባኤም በ1987 ቦክስ የተከለከለ ነው ሲል ወስኗል። ሮም ውስጥ የሚታተመው ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት መጽሔት በ2005 ፕሮፌሽናል ቦክስን በብርቱ ቃል አውግዟል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ በሌሎች ስፖርቶች ጉዳት አደጋ ነው፤ በዝረራ ማሸነፍ ግን የሌላውን ሰው አንጎል ለጊዜው ሥራውን ማስቆም ማለት ነው። ይህ ክስ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ እኔም ልመልሰው አልሞክርም።

በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገው የኦሃዮው ሬይ ማንቺኒ ቦክሰኛ የሆነው ለአባቱ ሲል ነበር። አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ለሻምፒዮንነት የመጋጠም ዕድላቸውን አጥተው ነበርና፣ ልጃቸው በግንቦት 1982 ቀበቶውን አምጥቶ ሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 13፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ጋር ገጠመ። ኪም በአሥራ አራተኛው ዙር ወደቀ፤ ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ በአራተኛው ቀን ሞተ። ከዚህ በኋላ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያን ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ሁለት ዙር ዝቅ አደረገ። የማንቺኒ ዕድሜ 21 ነበር፤ ሕግ አልጣሰም፣ ዳኛውም ኪም እስኪወድቅ ድረስ አላስቆመውም፣ ያደረገው የተማረውን ብቻ ነው። እምነቱ ከጥፋተኝነት ስሜት ነጻ አላወጣውም፤ ጥያቄውን ይበልጥ አከበደበት እንጂ። ለአባት ክብር ተብሎ የተጀመረ ነገር አንድ ገና ያልተወለደ ሕፃንን ያለ አባት አስቀረ፤ ኪም ሲሞት እጮኛው ነፍሰ ጡር ነበረችና።

ያ ልጅ አድጎ በ2011 ከእናቱ ጋር ከኮሪያ ወደ ካሊፎርኒያ መጣ፤ ማንቺኒም በቤቱ ተቀበላቸው። ወጣቱ ግጥሚያውን በፊልም አይቶ ቀድሞ ጥላቻ ተሰምቶት እንደነበር አልደበቀም። ከዚያ ግን ጥፋቱ የአንተ አይደለም አለው። ማንቺኒ ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ ነበር፤ በአንድ ማዕድም ቀረቡ።